ጎድን የጎደለበት ወገብ

እጅዎን ወደ ማጅራትዎ ይላኩና አንገትዎን ደፋ ያድርጉ። ጣትዎ ጎላ ያለ ጉብታ ይነካል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰባተኛው የአንገት አንጓ እሱ ነው። ከሱ በታች 12 አንጓዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ጎድን ይዘዋል። የመጨረሻው ጎድን አጭር ነው፤ ጫፉም ከምንም ጋር አልተያያዘም። እሱን አልፈው ሲወርዱ ጎድን ያበቃል፣ እጅዎም ወገብ ላይ ያርፋል። «ወይ ወገቤ!» የሚል ሰው እጁን የሚልከው እዚሁ ጎድን የሌለበት ቦታ ላይ ነው።

አጋጣሚ አይመስለኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የታችኛው ጀርባ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች 619 ሚሊዮን ነበሩ፤ በ2050 ደግሞ 843 ሚሊዮን ይደርሳሉ ተብሎ ይገመታል። በዓለም ላይ ሰውን ከሥራና ከእንቅስቃሴ በማገድ የሚቀድመው ሕመም የለም። ለምን እንዲህ ሆነ ሲባል የሚሰጠው መልስ ደግሞ የታወቀ ነው፦ በአራት እግር ለመሄድ የተሠራ አከርካሪ ይዘን በሁለት እግር ስለቆምን ነው። ድልድይ አንስቶ እንደ ምሰሶ የማቆም ያህል ነው ይሉታል። ለመናገር የሚመች መልስ ነው፤ እውነትነቱ ግን ግማሽ ነው። የሌሎቹን እንስሳት ጀርባ ከእኛ አጠገብ አስቀምጦ ላነጻጸረ ሰው፣ የወገባችን ጣጣ የሚጀምረው የሰው ዘር ከመቆሙ እጅግ ቀደም ብሎ፣ ከ200 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ጎድን ከወገብ ላይ መሳሳት በጀመረበት ዘመን ነው።

ታሪኩ ከውኃ ይነሳል። አጥንት ከመምጣቱ በፊት ኖቶኮርድ የሚባል ዘንግ ነበር፤ በፈሳሽ በተወጠሩ ሴሎች የተሞላ፣ የሚታጠፍ ነገር ግን የማያጥር ዘንግ። ላምፕሬ የሚባለው መንጋጋ የሌለው ዓሣ ዛሬም ዕድሜውን ሙሉ በዚሁ ዘንግ ይኖራል። በአብዛኞቹ ዓሦች ላይ ግን አጥንት ዘንጉን ዙሪያውን እየከበበ በየቦታው አንቆ ይዞታል። የዓሣ አንጓ በሁለቱም በኩል ጎድጓዳ ነው፤ ሁለት ስኒዎች ቂጥ ለቂጥ የተጣበቁ ይመስላል። ዓሣን ውኃው ስለሚደግፈው አከርካሪው ክብደት አይሸከምም። ሥራው አንደኛው ጎን ጡንቻ ሲኮማተር ሰውነት እንዳያጥርና በምትኩ እንዲታጠፍ ማድረግ ነው። በዚህ ምክንያት የዓሣ አከርካሪ ብዙም ክፍል የለውም፤ ግንዱና ጅራቱ ነው፣ በቃ። ጎድኑም ቢሆን ለትንፋሽ አያገለግልም፤ ዓሣ የሚተነፍሰው በስንጥቡ ነው።

ወደ የብስ ሲወጣ ሁሉም ነገር ተለወጠ። በ2004 ከካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከኤልስሚር ደሴት የተገኘውና ቲክታሊክ የተባለው የ375 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ዓሣ ነው፤ ቅርፊትም ክንፍም አለው። ሆኖም ራሱ ከትከሻው ተላቋል፤ ማለትም አንገት አብቅሏል። ጎድኖቹ ሰፋፊና ተደራራቢ ናቸው። በ2024 የታተመ ጥናት ደግሞ ወደ ዳሌው የሚጠጉት ጎድኖቹ ከሌሎቹ ለየት ብለው በጅማት ከዳሌው ጋር ተያይዘው እንደነበር አሳይቷል። ዓሣ ላይ ዳሌና አከርካሪ አይተዋወቁም፤ በየብስ ላይ ግን ካልተያያዙ የኋላ እግር ሰውነትን መግፋት አይችልም። ያስተዋወቃቸው ጎድን ነው። ዛሬም በእኛ ዳሌና አከርካሪ መካከል ድልድይ ሆኖ የተቀመጠው አጥንት፣ አምስት አንጓ አንድ ላይ የተዋሐደበት፣ በጎንና በጎኑ ያለው ክፍል በከፊል የድሮ ጎድን ቅሪት ነው።

ከዚህ በኋላ አከርካሪ ሁለት ጌታ አገኘ። ሰውነትን መሸከምና ማራመድ አለበት፤ ጎድን ደግሞ ሳንባን ማናፋት አለበት። ሁለቱ ጌቶች አይስማሙም። እንሽላሊት ስትሮጥ አስተውላችሁ ከሆነ ልክ እንደ ዓሣ ግራና ቀኝ ትጥመለመላለች። ወደ ግራ ስትታጠፍ የግራው ሳንባ ይጨመቃል፣ የቀኙ ይሰፋል፤ አየሩ ከውጭ መግባት ሲገባው ከአንዱ ሳንባ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ስለዚህ እንሽላሊት ሮጥ ብላ ቀጥ ትላለች፤ ለመተንፈስ። ይህን ችግር በ1987 በግልጽ ያስቀመጠው አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ዴቪድ ካሪየር ስለሆነ «የካሪየር ገደብ» ይባላል። ብዙዎቹ የየብስ እንስሳት አከርካሪ ከዚህ አጣብቂኝ ለመውጣት የተሞከረ መንገድ ነው ብዬ ነው የማየው።

እንቁራሪት ጉዳዩን በአጭሩ ቆረጠችው፤ ጎድኗን ተወችው። አየር የምትስበው በጉሮሮዋ እየገፋች ነው። አከርካሪዋም ወደ 9 አንጓ አጥሮ ከኋላው ያለው ጅራት ተዋሕዶ አንድ ዘንግ ሆኗል። ለሚዘል እንስሳ ይበቃል።

ኤሊ ያደረገችው ግን ለማመን ያስቸግራል። «ቤቷን ተሸክማ ትሄዳለች» ይባላል፤ ቤቱ ግን ጀርባዋ ራሱ ነው። ጎድኖቿ ወደ ጎን ሰፍተው፣ እርስ በርስ ገጥመው፣ ጣሪያ ሆነዋል፤ አከርካሪዋ ከውስጥ የጣሪያው ማገር ነው። ስለዚህ ኤሊን ከልብሷ ማውጣት አይቻልም፤ ቅርፊቷን ማንሳት ማለት አከርካሪዋን መንቀል ማለት ነው። ከሁሉ የሚገርመው የትከሻዋ ቦታ ነው። በእኛ ላይ የትከሻ አጥንት ከጎድን በላይ፣ በውጭ በኩል ይንሸራተታል። በኤሊ ላይ ከጎድን ውስጥ ነው ያለው፤ ሸሚዝ ከኮት በላይ የተለበሰ ይመስል። በ2008 ከቻይና ጉይዡ ግዛት ይፋ የሆነው የ220 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ያሳያል፦ የሆዱ ሰሌዳ ሙሉ ነው፤ ጀርባው ላይ ግን ገና ሰፋ ሰፋ ያሉ ጎድኖች እንጂ ጣሪያ የለም። ጎድን ጣሪያ ሲሆን መነፋትና መጨማደድ ያቆማል፤ ስለዚህ ኤሊ የምትተነፍሰው በሆዷ ጡንቻዎች ነው። ጥበቃ አገኘች፣ በፍጥነትና በመታጠፍ ከፈለች።

እባብ በተቃራኒው ሄደ። ብዙ እባቦች ከ200 እስከ 400 የሚደርስ አንጓ አላቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ የአንገት አንጓዎችና ከጅራቱ በቀር ሁሉም ጎድን አለበት። የፊት ደረት አጥንት ግን የለም፤ ጎድኖቹ ከሆድ በኩል ነጻ ናቸው። ራሱን የሚያህል ነገር የሚውጥ እንስሳ ደረቱ የተዘጋ ሳጥን ቢሆን የዋጠው ወዴት ያልፋል? አንዲት የእባብ አንጓ ብቻዋን እጅ ላይ ብታርፍ ብዙ ነገር ታሳያለች። ከፊት ጎድጓዳ፣ ከኋላ ድቡልቡል ናት፤ ያንዷ ድቡልቡል በሌላዋ ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል። ከላይ ግራና ቀኝ የተለመዱት መጋጠሚያዎች አሉ። ከእነሱ በተጨማሪ ከፊቷ ሽብልቅ የሚመስል ነገር ወጥቶ ከፊተኛዋ አንጓ ኋላ ባለው ቀዳዳ ይሰካል። በጠቅላላው በሁለት አንጓዎች መካከል አምስት መነካኪያ አለ። በዚህ ምክንያት እባብ ግራና ቀኝ እንደ ልቡ ይታጠፋል፤ መጠማዘዝ ላይ ግን በጥብቅ ይገደባል። ልስልስ የሚመስለን እንስሳ አጥንቱ ሲታይ እንደ በር ማጠፊያ የተቆላለፈ ነው። በ2022 ቦዋ በሚባለው እባብ ላይ የታተመ ጥናት ደግሞ እባቡ ያደነውን ጠምጥሞ ሲጨፈልቅ የትኛው ጎድን እንደሚተነፍስ እንደሚቀያይር አሳይቷል፤ ፊተኛው ክፍል ሲጨነቅ ኋለኛው ሥራውን ይረከባል።

ወፎችን ቶሎ ልለፋቸው። ለበረራ ሲሉ ግንዳቸውን አጠንክረው አንገታቸውን ፈትተዋል። ከጀርባ እስከ ዳሌ ያሉት አንጓዎች ተዋሕደው እንደ አንድ ሰሌዳ ሆነዋል፤ በብዙዎቹ ጎድን ላይ ደግሞ ቀጣዩን ጎድን የሚደገፍ መንጠቆ አለ። የጠፋውን መታጠፍ አንገት ይመልሳል፦ ጉጉት 14 የአንገት አንጓ አላት፣ ራሷንም እስከ 270 ዲግሪ ታዞራለች። ስዋን የሚባለው አንገተ ረጅም ወፍ እስከ 25 ይደርሳል።

አጥቢ እንስሳት ጋ ስንመጣ ቁጥሩ በድንገት ይደርቃል። ቀጭኔም፣ አይጥም፣ ሰውም፣ ዓሣ ነባሪም የአንገት አንጓቸው 7 ነው። የቀጭኔው አንዱ አንጓ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ የአንዳንድ ዓሣ ነባሪዎች ሰባቱም ተደፍጥጠውና ተዋሕደው አንድ ጉማጅ ይሆናሉ፤ ቢቆጠሩ ግን ሰባት ናቸው። ከሕጉ የወጡት ስሎዝ የሚባሉት ዝግተኛ እንስሳትና የባሕር ሣር በሊታው ማናቲ ናቸው። ሆላንዳዊቷ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ፍሪትሶን ጋሊስ ለዚህ ያቀረበችው ማብራሪያ ሰው ላይ ያርፋል፤ ሰባተኛው የአንገት አንጓ ላይ ጎድን የበቀለባቸው ፅንሶች ብዙ ጊዜ ሌላም ጉድለት ስላለባቸው በሕይወት የመወለድ ዕድላቸው አነስተኛ ነው። ቁጥሩን የሚነካው የዘረመል ለውጥ ሌላም ነገር አብሮ ያናጋል። ዝግ ብሎ የሚኖር ስሎዝ ምናልባት ይህን ይችለዋል።

ጎድን ከተነሣ አይቀር፣ ወንድ ከሴት አንድ ጎድን ይጎድለዋል የሚለውን እምነት እንጣለው። ትዳርን «ግራ ጎኔ» ማለት ያምራል፤ ቆጠራው ላይ ግን ሁለቱም 12 ጥንድ ናቸው። የሰውን አካል እየከፈተ ያጠናው ሐኪም ቬሳሊየስ በ1543 ይህንኑ ጽፏል።

ከአንገት በታች ያለው ቁጥር እንደ አንገቱ አልደረቀም። ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ 18 ጥንድ ጎድንና 6 የወገብ አንጓ አለው፤ ላም 13ና 6፤ ውሻ 13ና 7፤ ዝሆን 20 ጥንድ ጎድን ገደማ ይዞ ለወገብ የሚተርፈው ጥቂት ብቻ ነው። ጎድኑ በርከት ሲል ወገቡ ያጥራል፣ ጀርባው ይጠነክራል። እዚህ ላይ በ2003 በአይጦች ላይ የተሠራ አንድ ሙከራ ነገሩን ገልብጦ ያሳያል። ተመራማሪዎች ሆክስ 10 የሚባለውን የዘረመል ቡድን ከሥራ ውጭ ሲያደርጉት፣ የአይጦቹ ወገብ ላይ፣ አልፎም የዳሌ አንጓዎች ላይ ሳይቀር ጎድን በቀለ። ስለዚህ ወገብ ጎድን ማብቀል የማይችል ቦታ አይደለም። ማብቀል ልማዱ ነው፤ የሌለው «አታብቅል» የሚል ትእዛዝ ስለተሰጠ ነው። በ2013 እንደታየው በእባብ ላይ ትእዛዙ አለ፣ የሚሰማው የዘረመል ቁራጭ ግን በአንዲት ፊደል ተለውጧል። ያው ለውጥ ዝሆንን በመሰሉ ረጅም የጎድን ሳጥን ባላቸው እንስሳትም ተገኝቷል።

ታዲያ አጥቢዎች ይህን ትእዛዝ ለምን ፈለጉት? ከ250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ትሪናክሶዶን፣ የአጥቢዎች ቅድመ ዘመድ፣ የኋለኛ ጎድኖቹ አጥረው ይታያሉ። ጎድን ከወገብ ሲነሳ አከርካሪ ወደ ላይና ወደ ታች መታጠፍ ይችላል። አቦሸማኔ ሲሮጥ ወገቡ እንደ ቀስት ተወጥሮ ይለቃል፤ ሳንባውም በአንድነት ይሰፋል፣ በአንድነት ይጨመቃል። የካሪየር ገደብ ተሰበረ ማለት ነው። ትንፋሹን ደግሞ ዲያፍራም የሚባለው ጡንቻ ተረከበ። ዓሣ ነባሪ ወደ ባሕር ሲመለስም ይህን ልማድ ይዞ ነው የገባው፤ ዓሣ ጅራቱን ግራና ቀኝ ሲመታ እሱ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል።

ዋጋው ግን ነበረ። በአንጓዎች መካከል ያለው ዲስክ ውስጡ ለስላሳ ልብ አለው፤ መነሻውም ያው የጥንቱ ኖቶኮርድ ነው። ደረት ላይ ዲስኩ በጎድን ይታገዛል። ውሻ ላይ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ የግራና የቀኝ ጎድን ራሶችን የሚያገናኝ ጅማት በዲስኩ ጀርባ በኩል ያልፋል፤ ዲስኩ ወደ ህብለ ሰረሰር እንዳይፈነዳ እንደ መቀነት ያስረዋል። ይህ ጅማት ባለበት የደረት ክፍል የውሻ ዲስክ መፈንዳት ብርቅ ነው። ጅማቱ ባበቃበት፣ ደረት ለወገብ በሚያስረክብበት ቦታ ላይ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይበዛል። ሰውም ላይ የደረት ዲስክ መንሸራተት ጥቂት ነው፤ የሚበዛው በታችኞቹ ሁለት የወገብ ዲስኮች ላይ ነው።

ይህ «ቆመን ስለሄድን ነው» ለሚለው ታሪክ የማይመች ማስረጃ ነው። ዳክስሁንድ የሚባለው እግረ አጭር ውሻ በሁለት እግር ቆሞ አያውቅም፤ ዲስኩ ግን በወጣትነቱ ደርቆ ይፈነዳል፣ የኋላ እግሮቹም ይሰንፋሉ። በ2017 ምክንያቱ ተገኘ፦ ኤፍጂኤፍ 4 የሚባል ዘረመል ተጨማሪ ቅጂ በ12ኛው ክሮሞዞም ላይ ተቀምጧል። እግር የሚያሳጥረው ይህ ቅጂ ዲስኩንም ያስረጃል። በአራት እግር የሚሄድ እንስሳም ቢሆን ጀርባው እንዳይዘብጥ ጡንቻና ጅማት አንጓዎቹን እርስ በርስ አጥብቀው ይጫኗቸዋል፤ ዲስኩ ከጭነት ነጻ ሆኖ አያውቅም።

ወገብን እንደገና ማጠንከርስ አይቻልም? አንዲት ፍጥረት ሞክራዋለች። በኮንጎ ደኖች የምትኖር አይጥ መሳይ ነፍሳት በል አለች፤ ስኩቲሶሬክስ ትባላለች። ከመዳፍ የማትበልጠው ይህች እንስሳ 10 ወይም 11 የወገብ አንጓ አላት፤ እያንዳንዱም በብዙ ጥርሶች ከጎረቤቱ ጋር እንደ ዚፕ ይነካከሳል። የአካባቢው ሰዎች ሰው ጀርባዋ ላይ ቢቆም አትሞትም ይላሉ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የደረሱ አሳሾችም ይህንኑ መዝግበዋል። ጎድን ሳትጨምር፣ አንጓዎቿን በማቆላለፍ ብቻ ያገኘችው ጥንካሬ ነው።

ቺምፓንዚም በሌላ መንገድ ወገቡን አጠንክሯል። 13 ጥንድ ጎድንና 3 ወይም 4 የወገብ አንጓ ነው ያለው፤ የታችኞቹም በረጃጅም የዳሌ አጥንቶች መካከል ተቀርቅረዋል። ለዛፍ ይመቻል፤ ለመቆም አይመችም። ሰው ግን 5 ነጻ አንጓዎች አሉት፣ ወደ ፊትም ጎበጥ ያሉ ናቸው። በ2007 እንደታየው ይህ ጉብጠት በወንድ ላይ በሁለት አንጓ፣ በሴት ላይ በሦስት አንጓ ይከፋፈላል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ወደ ኋላ ዘንበል ስትል ጫናው እንዲሰራጭላት ነው። ስለዚህ መቆም የራሱን ነገር አላመጣም ማለት አይደለም። በ2015 የታተመ ጥናት ዲስካቸው ወደ አጥንት ውስጥ የሰረገባቸውን ሰዎች አንጓ ለክቶ፣ ቅርጹ ከሌላው ሰው ይልቅ ወደ ቺምፓንዚ የሚቀርብ ሆኖ አግኝቶታል። ለመቆም በደንብ ያልተስተካከለ አንጓ ቶሎ ይጎዳል እንደ ማለት ነው። ግን ይህ የጥቂቶች ነገር ነው። መቆም የተጨመረው ቀድሞውኑ ጎድኑ በተነሳለት ወገብ ላይ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የዲስክ ምስል ሁሉ የሕመም ምስል አይደለም። ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች በኤምአርአይ የመረመሩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ከ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን 96 በመቶው ዲስካቸው አርጅቶ ተገኝቷል። ከጀርባ ሕመም 90 በመቶ ያህሉ ይህ ነው ተብሎ የሚጠቆም የአጥንት ወይም የዲስክ ምክንያት የለውም። «ዲስክህ ተንሸራቷል» ተብሎ የተደናገጠ ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

«አታብቅል» የሚለው ትእዛዝ በሰውም ላይ አንዳንዴ ይዛባል። የመጀመሪያው የወገብ አንጓ ላይ 13ኛ ጎድን ያለው ሰው አለ፤ አምስተኛው አንጓ ከታችኛው አጥንት ጋር የተዋሐደበትም አለ። አብዛኞቹ ሳያውቁት ይኖራሉ። ቀዶ ሐኪሙ ግን ማወቅ አለበት። «በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል» ተብሎ የተጻፈለትን ዲስክ ሲፈልግ፣ ከላይ ሲቆጥርና ከታች ሲቆጥር የተለያየ ቁጥር ሊወጣለት ይችላል። ስለዚህ ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት ኤክስሬዩ ላይ አንጓዎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ከላይ ሲነሳ መነሻው የመጨረሻው ጎድን ነው።